የአባቴ ሲአርፒ ፖዘቲቭ ነው፤ ልባቸው ያሰጋል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት መሐል ሜዳ ነው። ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ስለሚያማቸው፣ ድካምም ስለበዛባቸው ደብረ ብርሃን አምጥቼ በአንድ የግል ክሊኒክ አስመረመርኳቸው። ውጤቱ ኢኤስአር 38፣ ሲአርፒ ፖዘቲቭ 1፡2፣ ኤኤስኦ ፖዘቲቭ ይላል። ‹ደማቸው ውስጥ ኢንፌክሽን አለ፣ ልባቸውን ሊያጠቃ ይችላል› ተብለን አንቲባዮቲክና የአምስት ቀን የዲክሎፌናክ መርፌ ታዘዘ። በየወሩ የሚወጋ ፔኒሲሊንም ይጀምሩ ተብሏል። ሃይ ሴንሲቲቪቲ ሲአርፒ የሚባለውን ለማሠራት አዲስ አበባ ልውሰዳቸው? ቁጥሩን የሚያወርድ መድኃኒትስ አለ? ለጊዜው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር እየሰጠኋቸው ነው። (ግፊት አለባቸው፤ አምሎዲፒን 5 ታዞላቸዋል፣ ግን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው የሚውጡት።)»

ከሦስቱ ውጤቶች አንዱም አባትዎ የልብ ሕመም አለባቸው ወይም ሊይዛቸው ነው አይልም። ለልባቸው የሚያሰጋው በቅንፍ ያስገቧት የመጨረሻዋ መስመር ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ፤ በፊት ግን የተሰጣችሁን ወረቀት እንየው፣ ምክንያቱም ሦስቱም ቁጥሮች ከሚገባቸው በላይ ተተርጉመዋል።

ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት አንድ ቦታ ሲቆጡ ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክተኛ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ጉበት ይህን ሲቀበል ሲአርፒ ማምረት ይጀምራል። በስድስት ሰዓት ገደማ ከፍ ማለት ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ይደርሳል። መንስኤው ሲወገድ ደግሞ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይወርዳል። የውሻ ጩኸት ሰው መምጣቱን እንጂ ማን እንደመጣ እንደማይናገር ሁሉ፣ ሲአርፒም የሆነ ነገር መቆጣቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ጉንፋን፣ የበሰበሰ ጥርስ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የእግር ቁስል፣ ሲጋራ፣ የሆድ ስብ፣ ቲቢ፣ ካንሰር፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ ሲአርፒ» ማለት «ኢንፌክሽን አለ» ማለት አይደለም፤ አንቲባዮቲክም በእሱ ብቻ አይታዘዝም።

ከዚህም በላይ የተሠራላቸው ምርመራ ስለ ልብ አንዳች ነገር ለመናገር አቅም የለውም። 1፡2 ተብሎ የሚጻፈው ውጤት ከላቴክስ ምርመራ የሚመጣ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው ከደሙ የተለየ የሴረም ጠብታ ስላይድ ላይ ያኖራል፣ ወተት የመሰለ የላቴክስ ጠብታ ይጨምርበታል፣ አዋሕዶ ለሁለት ደቂቃ ያሽከረክረዋል፤ ፍርፍር ብሎ ከቋጠረ ፖዘቲቭ ይላል። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከተተወ ሲደርቅ ብቻ የቋጠረ ሊመስል ይችላል፣ የሩማቶይድ ፋክተር (በአንዳንድ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ደም ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) ወይም በጣም የሰባ ሴረምም ያሳስታል። በብዛት የሚሠራባቸው ኪቶች መቋጠር የሚጀምሩት 6 ሚሊግራም በሊትር ላይ ነው፤ 1፡2 ማለት ደግሞ ሴረሙ በእጥፍ ቀጥኖም ቋጥሯል፣ ማለትም ወደ 12 ሚሊግራም በሊትር ይጠጋል ማለት ነው። ለልብ ሥጋት የሚታየው ልዩነት ግን በ1 እና በ3 መካከል ነው። ይህ ምርመራ እዚያ ድረስ ዝቅ ብሎ ማየት አይችልም።

ኢኤስአር፣ ማለትም በቆመ ቱቦ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚወርዱ የሚለካው ምርመራ፣ ከሲአርፒም የባሰ ደብዛዛ ነው። ከዕድሜ ጋር በራሱ ይጨምራል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ልክ ለወንድ ዕድሜን ለሁለት ማካፈል፣ ለሴት 10 ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ለ67 ዓመት ወንድ ይህ 33 ወይም 34 ይሆናል፤ የአባትዎ 38 ከልኩ ያለፈው በጥቂት ብቻ ነው። ደም ማነስ ብቻውን ከዚህ በላይ ያስኬደዋል። ቱቦው ትንሽ አዘንብሎ ከቆመ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ፈጥነው ይወርዳሉ፣ ቁጥሩም በውሸት ይጨምራል። ናሙናው ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ክፍሉ ከቀዘቀዘ ደግሞ በውሸት ይቀንሳል። ምርመራው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል መሠራት አለበት፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ማሞቂያ የሌለው ላብራቶሪ ጠዋት ያንን ማሟላቱ እንጃ።

ኤኤስኦውን ይርሱት። ይህ ምርመራ ሰውየው ባለፉት ሳምንታትና ወራት ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ጋር መገናኘቱን የሚያሳይ ነው፤ ጉሮሯቸውን የሚያማቸው የልጅ ልጆች ካሉበት ቤት የሚኖር አዛውንት ፖዘቲቭ ቢሆን አይገርምም። የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት መጀመሪያ የሚይዘው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። በ67 ዓመት፣ በጉልበት ሕመምና በኤኤስኦ ብቻ በየወሩ ፔኒሲሊን መውጋት ትርጉም የለውም፤ መርፌው ያማል፣ አልፎ አልፎም ነፍስ የሚያሰጋ አለርጂ ያስነሳል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የቫልቭ ችግር እንዳለባቸው የተነገራቸው ከሆነ ወይም ሐኪም በማዳመጫ የልብ ድምፅ ለውጥ ከሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የሚያስፈልገው የልብ አልትራሳውንድ ነው፣ ኢኮ የሚባለው።

ታዲያ ሲአርፒ ከልብ ጋር ስሙ የተነሣው ለምንድን ነው? ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል በልብ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሲከማች ነጭ የደም ሕዋሳት ሊያጸዱት ይገባሉ፤ ከልክ በላይ ይውጡና እዚያው ይሞታሉ። ክምችቱ ይቆጣል፣ የሸፈነው ስስ ቆዳ ይሳሳል፤ አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበትና ሥሩ ይደፈናል። ሃርት አታክ የምንለው ይህ ነው። ስለዚህ መቆጣት በበሽታው ውስጥ ድርሻ አለው። ዝቅተኛ መጠንን ጭምር አጥርቶ በሚያየው በሃይ ሴንሲቲቪቲ ምርመራ ሲለካ ከ1 ሚሊግራም በሊትር በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ሥጋት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የወጣው መለኪያ እስካሁን ይሠራበታል። ከ10 በላይ ከሆነ ለልብ አይተረጎምም፤ ሌላ የተቆጣ ነገር አለ ማለት ነውና ያ ይፈለጋል፣ ምርመራውም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። የአባትዎ 12 ገደማ የሚወድቀው እዚህ ውስጥ ነው።

ሲአርፒ ራሱ ግን አጥፊው አይደለም። በዘራቸው ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን ከፍ ያለ ሲአርፒ የሚያመርቱ ሰዎች በብዙ ሺህ ተጠንተዋል፤ ከሌላው የበለጠ የልብ በሽታ አልታየባቸውም። በአንጻሩ የኢንተርሉኪን 6 ሥራ በተፈጥሮ ደከም ያለባቸው ሰዎች የልብ ሥር በሽታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ ከሲአርፒ በላይ ነው ያለው፤ ቁጥሩን ብቻ ማሳደድ የትም አያደርስም።

አዛውንቶች ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ሰውነት በትንሹ እየተቆጣ ይኖራል፦ ጥርሱ፣ ፕሮስቴቱ፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱ። ከሰባ ዓመት በላይ ካሉ ሰዎች ብዙዎቹ ከ3 በላይ የሚያደርስ ምክንያት አያጡም። ሁሉም ላይ ከፍ የሚል ምልክት ደግሞ ማን ለሃርት አታክ እንደቀረበ ለመለየት አቅሙ ይደክማል። ለዚህ ነው የ55 ዓመት ሰው ላይ የምንጠቀምበትን ያህል 75 ዓመት ላይ የማንተማመንበት።

ስለዚህ ለዚህ ምርመራ ብለው ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ አይውሰዷቸው። ውጤቱ 2 ቢሆን 5 ቢሆን የሚወሰነው ሕክምና አይለወጥም። ገንዘቡን ከዚህ በታች ለምዘረዝራቸው ምርመራዎች ያውሉት።

«የሚያወርድ መድኃኒት አለ ወይ» ላሉት፣ አለ፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጁፒተር የተባለ ጥናት ኤልዲኤላቸው ከ130 በታች፣ ሃይ ሴንሲቲቪቲ ሲአርፒያቸው 2 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 17,802 ሰዎችን ይዞ በሮሱቫስታቲን 20 ሚሊግራም የልብና የስትሮክ አደጋው በ44 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ሰዉ ከዚህ «ሲአርፒ ካልታየ ስታቲን አይሰጥም» የሚል ትምህርት ወሰደ። ጥናቱ ግን ሲአርፒያቸው ዝቅ ያሉ ሰዎችን አላካተተም። በሌላ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት ስታቲን የጠቀመው ሲአርፒ ከፍ ላለባቸውም ዝቅ ላለባቸውም ነው። ሁለተኛው ካናኪኑማብ የተባለ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርት አታክ ካለፋቸው 10,061 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ኮሌስትሮልን ሳይነካ አደጋውን በ15 በመቶ ቀነሰ፤ መቆጣት ድርሻ እንዳለው ያረጋገጠው እሱ ነው። ግን ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ጨመረ፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ሦስተኛው ለሪህ የምናውቀው ኮልቺሲን በ0.5 ሚሊግራም ነው። የልብ ሥር በሽታ በተረጋገጠባቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ጥናት አደጋውን 31 በመቶ ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሌላ ጥናት ግን ሃርት አታክ እንደያዛቸው ለጀመሩት ጥቅም አላገኘበትም። ለአባትዎ አይሆንም፤ የልብ ሥር በሽታ አልተረጋገጠባቸውም። ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ፣ ወይም ክላሪትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር ሲወሰድ ይገድላልና ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው አይሞክሩት።

ዲክሎፌናኩ ይቁም። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ ቤት ውስጥ «መቆጣትን የሚያበርድ ከሆነ ልብንም ይጠብቃል» ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ተቃራኒው ነው እውነቱ። በቀን 150 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ የልብና የደም ሥር አደጋን በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ እያስቀረ ግፊት ያወጣል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ ጨጓራ ያደማል። የ67 ዓመት የግፊት ሕመምተኛ ላይ አራቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ስቴሮይድ የሚባሉት ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎንም ሲአርፒን በሁለት ቀን ያወርዱታል፣ አብረው ስኳርና ግፊት ያወጣሉ፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ያስነሳሉ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ከ3 ግራም ሳያልፍ ይበቃል፤ ብዙ አረቄ የሚጠጡ ከሆነ ወይም ጉበታቸው ከታመመ መጠኑ ከዚህ ያነሰ ይሁንና ሐኪም ይወስነው። የሚቀባ ጄልም ይቻላል። ከወንበር ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ የጭን ጡንቻን አጠንክሮ ጉልበትን ከመርፌ በተሻለ ያሳርፋል።

አሁን ወደ ቅንፏ። አምሎዲፒን ራስ ሲያም የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። በደም ውስጥ ተመጣጥኖ ሙሉ ሥራውን ለመሥራት አንድ ሳምንት ያህል በተከታታይ መወሰድ አለበት፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ መዋጥ አለመዋጥ ማለት ነው። ግፊት ደግሞ በአብዛኛው ራስ አያሳምምም፤ ሳያምም ነው ሥር የሚያበላሸው። ከዛሬ ጀምረው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይዋጡት። ቁርጭምጭሚታቸው ቢያብጥ አያቋርጡ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠን መቀነስ ወይም ሌላ መድኃኒት መቀላቀል ይቻላል። በጾም ወራት መድኃኒት የሚያቋርጡ አባቶች ብዙ ናቸው። የግፊት ክኒን በቀን አንዴ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፤ አስቸጋሪ ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት።

የክንድ ግፊት መለኪያ ግዙና ቤት ይለኩ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አይግዙ። ከመለካታቸው 30 ደቂቃ በፊት ቡና አይጠጡ፣ ሽንት ይሽኑ፣ ጀርባቸውን ደግፈው እግራቸውን መሬት አስነክተው ለ5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንዱ ጋቢም ሹራብም ሳይኖርበት በልብ ትክክል ይረፍ። ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለቴ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ ለ7 ቀን ይመዝገብ። የመጀመሪያው ቀን ይጣልና የቀረው አማካይ ይወሰድ። 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ አልተገዛም ማለት ነው። ብርድ ደም ሥር ያጠብባልና ከአልጋ ተነሥተው ውርጩ ውስጥ ወጥተው እንደገቡ የተለካው አይቆጠርም።

ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱና እነዚህን ይጠይቁ፦ የጾም ስኳር፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የሽንት ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን (ደም ማነስን የሚያሳየው) እና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)። የዓለም ጤና ድርጅት የልብ ሥጋት ሠንጠረዥ ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች ነው፤ የሚጠይቀውም ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው ግፊት፣ ስኳርና ጠቅላላ ኮሌስትሮል ብቻ ነው። ሲአርፒ የለበትም። የአሥር ዓመት ሥጋታቸው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከወጣ፣ ወይም ስኳር ካለባቸው፣ ስታቲን ይጀመር፤ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ጥሩ መነሻ ነው። ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ይመካከሩበት፤ እኔ በዚህ ዕድሜ ወደ መጀመር አዘነብላለሁ። ያለ ምክንያት የጡንቻ ሕመም ወይም ቡና የመሰለ ሽንት ከታየ ቆም ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። «የልብ አስፒሪን» ግን አይጀምሩላቸው። ከ70 ዓመት በላይ ባሉ ጤነኞች ላይ የተሠራው ትልቅ ጥናት ያሳየው የልብ ጥቅም ሳይሆን የደም መፍሰስ መጨመሩን ነው። ስትሮክ ወይም ሃርት አታክ ያለፈበት ሰው ግን የታዘዘለትን አስፒሪን ከራሱ አያቋርጥ።

ሲአርፒውን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጉንፋን ሳይኖርና ጥርስ ሳይነቀል፣ አንዴ ብቻ ይድገሙት፤ በላቴክስ ሳይሆን ቁጥር በሚያወጣ መሣሪያ። መጾም አያስፈልግም። አሃዱን ይመልከቱ፦ 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 10 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ በዚህ ስህተት ብቻ ደህናው ሰው በሽተኛ፣ በሽተኛው ደህና ሲባል ይውላል። አሁንም ከ10 በላይ ከሆነ ምንጩ ይፈለግ፣ በመጀመሪያ ከአፍ። የሚደማ ድድና ሥሩ የቀረ ጥርስ አዛውንት ላይ ተደጋግሞ የሚገኝና የሚዘነጋ ምንጭ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ አክታ ለቲቢ ይመርመር። ሌሊት ደጋግመው ለሽንት የሚነሡ ከሆነ ሽንታቸው ይታይ። የኩበት ጭስም መዘንጋት የለበትም። ምድጃው ዳር ተቀምጦ የሚሞቅ ሰው ሳንባውም ደም ሥሩም ይቆጣል፤ ማብሰያው ከመኝታ ቤት ይለይ፣ ጭስ መውጫ ይበጅለት።

ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በምግብ መጠን አይጎዳም፣ መድኃኒት ግን አይተካም፤ ስኳር ከተገኘባቸው ማሩ ይቅር። ለልባቸው ይልቅ የሚጠቅማቸው ሜዳቸው ላይ የሚበቅለው ገብስ ነው። በውስጡ ያለው ቤታ ግሉካን በቀን 3 ግራም ሲሞላ ኤልዲኤልን በመጠኑ ያወርዳል፤ ይህ ከ60 እስከ 80 ግራም ገደማ ካልተፈተገ የገብስ ዱቄት ይገኛል። በሶው በቅቤና በጨው ከተለወሰ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። ጨው በቀን በአጠቃላይ አንድ ሙሉ ያልሆነ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም፣ አይለፍ፤ ቡና በጨው ይቅር፣ በርበሬው ላይ ቀድሞ የተጨመረውም ይቆጠራል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ኢኤስአር ከ100 በላይ ከወጣ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቃቸው ቶሎ ይመርመሩ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በዓይንና በጆሮ መካከል ባለው የራስ ጎን ላይ አዲስ ራስ ምታት፣ ሲያኝክ የሚደክም መንጋጋ ወይም የእይታ መደብዘዝ ከመጣበት ዓይኑ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይግባ።

ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ፣ ላብ የሚያመጣ ሕመም ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ «ብርድ መታኝ» ወይም «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ በአብሽና በጥቅልል ጋቢ አይታለፍ። አዛውንቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ሕመሙ ሳይኖር ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። አለርጂ ወይም የሚደማ ጨጓራ ከሌለባቸው 300 ሚሊግራም አስፒሪን አኝከው ይዋጡ፣ በእግራቸው አይሂዱ፣ ኢሲጂ ወደሚሠራበት ሆስፒታል በመኪና ይወሰዱ። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መንገዱ ረጅም ነውና የወረዳውን አምቡላንስ ቁጥር አሁኑኑ ስልካቸው ላይ ይመዝግቡላቸው።